ተንበርክኮ የዘፈነው ባሪቶን፦ ቶድ ደንከንን ከ«የመጀመሪያው» ባሻገር መስማት

«አንቼይንድ ሜሎዲ»ን ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስሙን ባታውቁት እንኳ ዜማውን ታውቁታላችሁ፤ በ1990 በወጣው «ጎስት» ፊልም ውስጥ ፍቅረኞቹ እጃቸው በሸክላ ጭቃ ተለውሶ ሳለ የሚሰማው ነው። ብዙ ሰው የዘፈኑ ባለቤቶች በ1965 የተጫወቱት ራይቸስ ብራዘርስ ይመስሉታል። አይደሉም። ዘፈኑ የተሠራው በ1955 ለእይታ ለበቃ «አንቼይንድ» ለተባለ የእስር ቤት ፊልም ነው። መጀመሪያ የተሰማውም ፊልሙ ላይ እስረኛ ሆኖ ከተወነ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው ጥቁር ባሪቶን አፍ ነው። ሰውየው ቶድ ደንከን ይባላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደንከንን ስም ፈልጋችሁ ብታነቡ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሁለት «የመጀመሪያ» ነው። የጆርጅ ገርሽዊን «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የመጀመሪያው ፖርጊ። በኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ መድረክ ላይ የቆመ የመጀመሪያው ጥቁር። ሁለቱም መነገር ያለባቸው ናቸው። ግን «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል አንድ መጥፎ ልማድ አለው፤ ሰውየውን በር ላይ ያቆመውና ገብቶ ምን እንደሠራ ሳይጠይቅ ያልፋል። በር ከፋች ነህ፣ እናመሰግናለን፣ በቃ። ድምጹንስ? የሚናዎቹን አመራረጥስ? የትኛውን ቃል እንዴት እንደዘፈነውስ?

እኔ የምለው ይኼ ነው፦ ደንከን ከሙዚቃዊ ቴአትር ወደ ኦፔራ «ያደገ» ሰው አይደለም። ከኦፔራ ወደ ብሮድዌይ «የወረደ»ም አይደለም። በሁለቱም ቤት የሠራው አንድ ሥራ ነው። በሁለቱ መሃል የቆመውን ግድግዳ የሠራው የድምጽ ልዩነት ሳይሆን በረኛው ነበር።

ባሪቶን ሆኖ መፈጠር

ባሪቶን በቴኖርና በባስ መሃል ያለ የወንድ ድምጽ ነው። በጣሊያን ኦፔራ የሥራ ክፍፍሉ ይታወቃል፦ ቴኖሩ ያፈቅራል፣ ባሪቶኑ ያደናቅፋል። አባት፣ ንጉሥ፣ ባላንጣ፣ ከዳተኛ፣ ቀልደኛ፤ እነዚህ የባሪቶን ዕጣ ናቸው። ቴኖር በፍቅር ሲሞት ብዙውን ጊዜ እጁ ያለበት ባሪቶን ነው።

ግን ባሪቶን አንድ ጥቅም አለው። ድምጹ ብዙ ወንዶች ከሚናገሩበት ቁመት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ባሪቶን ሲዘፍን ከድምጹ እኩል ቃሉ ይሰማል። የሚናገር ያህል ሊዘፍን፣ የሚዘፍን ያህል ሊናገር ይችላል። ሙዚቃዊ ቴአትር የሚፈልገው ደግሞ ልክ ይህን ነው። ባሪቶኖች በኦፔራና በብሮድዌይ መሃል ሲመላለሱ የምናየው ከሁለት ጌታ ለመብላት ስለፈለጉ ብቻ አይደለም፤ ድምጹ ራሱ ድልድይ ላይ የተሠራ ቤት ስለሆነ ነው።

ደንከን በ1903 በኬንታኪ ግዛት ዳንቪል ተወለደ። በኢንዲያናፖሊስ በትለር ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ተማረ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 1945 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ድምጽ አስተማረ። ሃዋርድ ለኛም ባዕድ ስም አይደለም። መላኩ በያን፣ በኋላ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋመው ሐኪም፣ ሕክምና ተምሮ በ1935 የተመረቀው ከዚሁ ግቢ ነው። ደንከን ተማሪዎቹን ትንፋሽ አያያዝ በሚያስተምርበት ዘመን ማለት ነው።

በ1934 ደንከን ኒው ዮርክ 55ኛው ጎዳና ላይ ባለው መካ ቴምፕል በሚባል አዳራሽ፣ ዘፋኞቹ በሙሉ ጥቁሮች በሆኑበት ቡድን ውስጥ፣ የማስካኒን «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» ዘፈነ። ሚናው አልፊዮ ነበር፤ ሚስቱን የቀማውን ሰው የሚገድል ጋሪ ነጂ። የአዳራሹን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

«መጀመሪያ ሙዚቃህን ልስማ»

ገርሽዊን ስለ ደንከን ሲሰማ ፖርጊ የሚሆነውን ሰው እየፈለገ ነበር። ደንከን ግን አልተጣደፈም። በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ በዚያን ጊዜ ገርሽዊን ለእሱ የሰፈር ዘፈን ነጋዴ ነበር። ሹበርትና ብራምስ የሚያስተምር ሰው፣ የፖፕ ዜማ ደራሲ ቤት ምን ይሠራል? ሄደ፤ የዘፈነለት ግን መንፈሳዊ መዝሙርም ብሉዝም አልነበረም። አሮጌ የጣሊያን ዜማ ነው የዘፈነለት። ገርሽዊን ጥቂት መስመር እንደሰማ ፖርጊዬ ትሆናለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። የደንከን መልስ፣ በራሱ ትረካ፣ መጀመሪያ ሙዚቃህን መስማት አለብኝ የሚል ነበር።

ይህን ታሪክ ሰዎች እንደ ቀልድ ያወሩታል። ቀልድ ግን አይደለም። ጊዜው 1930ዎቹ ነው፤ ጠያቂው በአሜሪካ ከታወቁት ሙዚቀኞች አንዱ ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ በራሱ ከተማ ከአብዛኛው ቴአትር ቤት የተከለከለ ጥቁር መምህር ነው። እና መዛኙ ተጠያቂው ሆነ። በኋላ ገርሽዊንና ወንድሙ አይራ ባልሠለጠነ ድምጻቸው ውጤቱን ከዳር እስከ ዳር ሲዘፍኑለት ደንከን ልቡ ተነካ፤ እሺም አለ። የደንከን ሙያ በሙሉ በዚህች ቅደም ተከተል ውስጥ አለ፦ ክብሩን አስቀድሞ ያስከብራል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉን ይሰጣል።

የ1935 ጥቅምት

«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ቦስተን ላይ መስከረም 30 ቀን 1935 ታየ። ኒው ዮርክ በአልቪን ቴአትር የተከፈተው ጥቅምት 10 ነው። ከሳምንት በፊት፣ ጥቅምት 3፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ነበር። ሃርለም ለወራት ስለ ኢትዮጵያ ሰልፍ ሲወጣ፣ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ዘማች እንሁን ሲል ነው የከረመው። ሁለቱ ነገሮች አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ግን በዚያ ወር ጥቁር ተመልካች አልቪን ቴአትር ሲገባ በልቡ ምን ይዞ እንደሚገባ አስቡት። ጋዜጣው ላይ በመሣሪያ የሚከላከል ጥቁር ሕዝብ አለ። መድረኩ ላይ ደግሞ የወቅቱ ትልቁ የጥቁር ወንድ ሚና እግሩ የማይሠራ፣ ፍየል በሚስበው ጋሪ የሚሄድ፣ ተንበርክኮ የሚኖር ለማኝ ነው።

ሥራው ላይ እስከዛሬ የሚነሣው ቅሬታ መነሻው ይኼ ነው፤ ቅሬታውም ቀላል አይደለም። ታሪኩን ከልቦለዱ ጀምሮ የጻፈው ዱቦዝ ሄይዋርድ፣ የቻርልስተን ነጭ ነው። ካትፊሽ ሮው የተባለችው ሰፈር ቁማር፣ ኮኬይን፣ ቢላና ጸሎት የሞላባት ናት። ሃሪ ቤላፎንቴ የ1959ኙን ፊልም ሚና አልቀበልም ያለው በምክንያት ነው። ገርሽዊን ራሱ ግን አንድ ብልሃት ሠርቷል፤ ውጤቱ ላይ ጥቁሮቹ ሁሉ ይዘፍናሉ፣ ነጮቹ (ፖሊሱ፣ መርማሪው) ይናገራሉ እንጂ አይዘፍኑም። ሙዚቃ ያላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ኦርኬስትራው ያውቃል።

ደንከን ይህን ሚና በጉልበቱ ሆኖ ነው የዘፈነው፤ ቃል በቃል። ድምጽ የተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የዘፋኝ ትንፋሽ ከታች፣ ከወገብና ከእግር መሬት መርገጥ ጀምሮ ነው የሚደገፈው። እግሩን ስትወስድበት ቤቱን ከመሠረቱ ነቅለህ ዝፈን እንደማለት ነው። ያውም ያለ ማይክሮፎን፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር።

ከመከፈቱ በፊት ሐምሌ 19 ቀን 1935 ገርሽዊን ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ በስቱዲዮ የተቀዳ ልምምድ አለ። ድምጹ ያረጀ፣ የሚንሿሿ ቅጂ ነው። ደንከን ግን ይሰማል። የምትሰሙት ነገር ሊያስገርማችሁ ይችላል፤ ለማኝ አይሰማም። ድምጹን አያጎብጥም፣ አያለቃቅስም፣ እዘኑልኝ አይልም። ቀለል ያለ፣ ብሩህ፣ ከላይ የሚበራ ባሪቶን ነው። ሰውነቱ ተንበርክኳል፤ ድምጹ ቆሟል። የፖርጊን ሚና ከአሻንጉሊትነት ያወጣው ይህ ይመስለኛል። ሊብሬቶው ለማኝ ብሎ የጻፈውን ሰውዬ ደንከን እንደ አባወራ ዘፈነው።

የጥንብ አንሳው ዘፈን ለምን ተቆረጠ?

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ኦፔራ ቤት አንድ ዘፋኝ ከባድ ሚና ዘፍኖ ጥቂት ቀን ያርፋል። ብሮድዌይ በሳምንት 8 ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን የሚደራረቡ ናቸው። ገርሽዊን ኦፔራ ጻፈ፣ የታየው ግን ብሮድዌይ ላይ ነው። ስለዚህ የኦፔራ ክብደት ያለው ሚና በብሮድዌይ የሥራ ሰዓት ሊዘፈን ሆነ። መፍትሔው መቀስ ነበር። ኒው ዮርክ ከመድረሳቸው በፊት ከተቆረጡት ክፍሎች አንዱ «በዛርድ ሶንግ»፣ ጥንብ አንሳ ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ፖርጊ የሚዘፍነው ከባድ ዘፈን ነው። አንዱ ምክንያት የደንከንን ጉሮሮ ማትረፍ ነበር።

ይቺ ትንሽ ነገር አይደለችም። ዘፈኑ ፖርጊ የሚፈራበት ቦታ ነው። የራሱ ደስታ ከላይ የሚያንዣብብበትን ጥላ ያየበት። ያንን ስታወጣው የሚቀረው በድህነቱ የሚደሰተው ፖርጊ ነው፤ «አይ ጋት ፕለንቲ ኦ ነቲን»። ሥራው የድሃን ደስታ ያቆነጃል የሚለው ወቀሳ ግማሹ ከዚህ መቀስ የመጣ ይመስለኛል። ደንከን በ1940 ለዴካ በተቀዳው አልበም ላይ ዘፈኑን መልሶ ዘፍኖታል። እሱን ሰምታችሁ ከዚያ የደስታውን ዘፈን ብትሰሙ፣ ሳቁ ሌላ ነው የሚሆንባችሁ። የፈራ ሰው ሳቅ ነው።

ኒው ዮርክ ታይምስ ለመክፈቻው ሌሊት ሁለት ሃያሲ ላከ፤ የቴአትሩን ብሩክስ አትኪንሰን፣ የሙዚቃውን ኦሊን ዳውንስ። ጋዜጣው ራሱ ሥራው የማን ክፍል እንደሆነ አልወሰነም ማለት ነው። የቴአትሩ ሰው ተራ ንግግር ለምን ይዜማል አለ፤ የሙዚቃው ሰው ደግሞ ኦፔራነቱን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለለትም። ትዕይንቱ ከ124 ጊዜ በኋላ ተዘጋ። በ1942 ቼሪል ክራውፎርድ መልሳ ስታቀርበው በንግግር ፍጥነት የሚዜሙትን ክፍሎች አውጥታ በተራ ንግግር ተካቻቸው፤ ተሳካ። ደንከን እዚያም ፖርጊ ነበር። ተመልካቹ ተደሰተ፣ ገንዘብ ገባ። ግን ሥራው ሲቀልል፣ ጥቁር ይዘፍናል ነጭ ይናገራል የሚለው የገርሽዊን ብልሃት ደበዘዘ። ሁሉም መናገር ጀመረ።

ሌላም ነገር አለ። የ«ፖርጊ» ዘፈኖች ኒው ዮርክ በተከፈተ በቀናት ውስጥ፣ በዚያው ጥቅምት፣ ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ ላይ ተቀዱ። የዘፈኑት ግን ደንከንና ቤስ የሆነችው አን ብራውን አልነበሩም። የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ነጮች፣ ባሪቶኑ ሎረንስ ቲቤትና ሄለን ጄፕሰን ነበሩ። ቲቤት ታላቅ ዘፋኝ ነው፤ ድምጹም ከደንከን ይገዝፋል። ግን አዳምጡና አወዳድሩ። ቲቤት ፖርጊን ሲዘፍን ኮንሰርት ትሰማላችሁ። ደንከን ሲዘፍን በር ላይ የተቀመጠ ሰው ትሰማላችሁ። ሌሊት ሌሊት መድረክ ላይ ደሙን የሚሰጠው ሰው አምስት ዓመት ጠብቆ ነው ወደ ማይክሮፎኑ የደረሰው።

ሰባት ቀን በዋሽንግተን

በመጋቢት 1936 ትዕይንቱ ዋሽንግተን ናሽናል ቴአትር ደረሰ። ቴአትር ቤቱ ጥቁር ተመልካች አያስገባም ነበር። ማለት፣ የሃዋርድ መምህሩ ደንከን መድረኩ ላይ ይዘፍናል፣ ተማሪዎቹ ትኬት መግዛት አይችሉም። አን ብራውንም ደንከንም አንዘፍንም አሉ። ቤቱ መደራደሪያ አመጣ፤ ጥቁሮች በተወሰኑ የከሰዓት ትዕይንቶች ይግቡ፣ ወይም ፎቅ ላይ ይቀመጡ። ደንከን እምቢ አለ። የፈለገውን ወንበር መግዛት በማይችልበት ቤት አልዘፍንም ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ቤቱ ተሸነፈ። በናሽናል ታሪክ ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ የተቀመጠበት የመጀመሪያው ሳምንት ሆነ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በጭብጨባ ይቆማል። መቆም የለበትም። ቡድኑ ሻንጣውን ሸክፎ ሲሄድ ቴአትር ቤቱ ወደ ቀድሞው ልማዱ ተመለሰ። በ1948 እንዲያውም ዘር ሳይለዩ ከማስገባት ሲኒማ ቤት መሆንን መረጠ፤ በሩ ለሁሉም ተከፍቶ ቴአትር የተመለሰው በ1952 ነው። አንድ ሳምንት እንግዲህ አንድ ሳምንት ነው። ግን ያ ሳምንት ለሃያሲ የሚነግረው አንድ ነገር አለ፦ የደንከን ፖርጊ ተንበርካኪ ያልሆነው ለምን እንደሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ ያልተንበረከከ ሰው ነበር የሚዘፍነው።

ጎባጣው ቶኒዮ

አሁን 1945 ነን፤ መስከረም 28። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሳምንታት ናቸው። ኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ የሊዮንካቫሎን «ፓሊያቺ» ያቀርባል፤ ቶኒዮ ቶድ ደንከን ነው። አዳራሹ ሲቲ ሴንተር ይባላል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ስሙ ከመቀየሩ በፊት ግን መካ ቴምፕል ነበር። ያው ሕንጻ! በ1934 ከጥቁሮች ብቻ ጋር የዘፈነበት መድረክ ላይ ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከነጮች ጋር የቆመው። ድምጹ ያው፣ ጎዳናው ያው፣ ጣሪያው ያው። የተቀየረው በረኛው ነው። ግድግዳው የድምጽ አልነበረም ስል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል እዚህ ጋ በጥንቃቄ ካልያዝነው ያሳስታል። በ1933 እዚያው ኒው ዮርክ፣ ሂፖድሮም አዳራሽ፣ ካተሪና ጃርቦሮ በቨርዲ «አይዳ» ውስጥ አይዳን፣ ባሪቶኑ ጁልስ ብሌድሶ አሞናስሮን ዘፍነዋል። አይዳ ማናት? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ። አሞናስሮስ? አባቷ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ። በ1955ም ሮበርት ማክፈሪን በሜትሮፖሊታን ኦፔራ የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሲሆን የተሰጠው ሚና አሞናስሮ ነው። አያችሁት አይደል? ኦፔራ ቤት ለጥቁር ባሪቶን በሩን ሲከፍት የእኛን ዘውድ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ነው የሚያስገባው። ንጉሥ ሁን፣ ግን ከቆዳህ ሳትወጣ ንገሥ። ቨርዲ ኢትዮጵያን ያወቃት ከካይሮ በመጣለት ታሪክ ውስጥ ነው፤ አሞናስሮም ሙሉ ሚናውን ምርኮኛ ሆኖ የሚጨርስ ንጉሥ ነው።

የደንከን 1945 ከዚህ ይለያል፤ እውነተኛው «የመጀመሪያ»ም ይኼ ይመስለኛል። ቶኒዮ የካላብሪያ ጣሊያናዊ ቀልደኛ ነው። በዚያው ዘመን «ካርመን» ላይ የዘፈነው ኤስካሚዮ ስፔናዊ የበሬ ተፋላሚ ነው። ሁለቱም ሚናዎች ቆዳን አይጠይቁም። ደንከን ኦፔራ ውስጥ የገባው የሆነውን ሊሆን ሳይሆን ያልሆነውን ሊተውን ነው። ተዋናይ ማለት ደግሞ ይኼው ነው። ነጭ ዘፋኝ ፊቱን ቀለም ቀብቶ አፍሪካዊ ሲሆን ማንም ጥበብ ነው ሲል ኖሯል። በተቃራኒው ለመሄድ 1945 ድረስ ተጠበቀ።

ደግሞ ሚናውን ተመልከቱት። «ፓሊያቺ» ሲጀምር መጋረጃው ሳይከፈት ቶኒዮ ብቻውን ይወጣል። ተመልካቹን ፊት ለፊት ያናግራል። የሚለው ነገር ባጭሩ፦ ከዚህ የተዋናይ ልብስ ስር እንደ እናንተው ሥጋ ያለው፣ የሚተነፍስ ሰው አለ። መስከረም 28 ሌሊት ደንከን ወጥቶ የሲቲ ኦፔራን ተመልካች ያናገረበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ማንም ጽፎ ያልሰጠው ንግግር፣ ከ1892 ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀው የቆየ።

ቶኒዮና ፖርጊንም አስተያዩ። አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው እግር አልባ። ሁለቱም የማትቆይላቸውን ሴት ያፈቅራሉ። አንዱ ተንቆ ክፉ ይሆናል፣ ሌላው ተትቶ ፍየሉን አስነሥቶ ሊፈልጋት ይሄዳል። ሁለቱን ሚናዎች በአሥር ዓመት ልዩነት የዘፈነ ሰው፣ ኦፔራና ሙዚቃዊ ቴአትር የተለያዩ አገሮች ናቸው ሲባል ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ስብከት ያልሆነ ካህን

ለእኔ የደንከን ታላቁ ሥራ ከፖርጊም ከቶኒዮም በኋላ ነው የመጣው። በጥቅምት 1949 ብሮድዌይ ላይ «ሎስት ኢን ዘ ስታርስ» ተከፈተ። ሙዚቃው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው የኩርት ቫይል፣ ጽሑፉ የማክስዌል አንደርሰን፣ መነሻው የደቡብ አፍሪካዊው አለን ፔተን ልቦለድ «ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ»። ደንከን ስቲቨን ኩማሎን ሆነ፤ የጠፋ ልጁን ፍለጋ ከገጠር ወደ ጆሃንስበርግ የሚወርድ የዙሉ ካህን። ልጁ ነጭ ሰው ገድሎ ያገኘዋል። ያውም ለጥቁሮች የሚቆረቆር ነጭ።

አዘጋጁ የ1935ቱን «ፖርጊ» ያዘጋጀው ሩበን ማሙሊያን ነው። ግን የደንከን ድምጽ ተቀይሯል። በአልበሙ ላይ ስትሰሙት ያ ብርሃን ትንሽ ሸፍኗል፣ ጠቆር ብሏል። ቫይል ለእሱ የጻፈው ሙዚቃ በአብዛኛው ታላቅ ድምጽ አይጠይቅም፤ ቃል በቃል መናገርን ይጠይቃል። እዚህ ነው መምህሩና ዘፋኙ አንድ የሚሆኑት። እያንዳንዱ ተነባቢ ፊደል ተለይቶ ይሰማል። ርዕሱን በያዘው ዘፈን ላይ እምነቱ የተናጋ ካህን ሰማዩን ሲያይ፣ ደንከን ሐዘኑን አያጋንነውም። እንዲያውም ይቀንሰዋል። ወደ ራሱ የሚናገር ሰው ነው የምትሰሙት። ያ ዘፈን መጀመሪያ የታሰበው ሳይጠናቀቅ ለቀረ፣ ለፖል ሮብሰን ለታለመ ሌላ ሥራ ነበር። ሮብሰን ቢዘፍነው ተራራ ይሆን ነበር። ደንከን ሰው አደረገው።

እዚህ ጋ አንድ ድክመቱን ልበል፤ ሙገሳ ብቻ ሂስ አይሆንም። ደንከን አንዳንዴ ከልክ በላይ ጨዋ ነው። ፖርጊ ባላንጣውን ክራውንን ይገድላል፤ በዴካው ቅጂ ላይ ግን ያ ሰው ሊገድል የሚችል መሆኑን ድምጹ ውስጥ አታገኙትም። መምህሩ ገዳዩን ያርመዋል። ከሱ በኋላ የመጡ ፖርጊዎች፣ በተለይ ከባዶቹ የባስ ባሪቶን ድምጾች፣ ይህን አደጋ አምጥተዋል። ግን ጨዋነቱ ከየት እንደመጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ጥቁር ወንድ መድረክ ላይ አስፈሪ ወይም አስቂኝ ብቻ እንዲሆን በሚጠበቅበት ዘመን፣ ጨዋነት ድክመት ብቻ አልነበረም፤ ክርክርም ነበር። ኩማሎ ላይ ክርክሩ አሸነፈ፤ ምክንያቱም ኩማሎ ጨዋነቱ የሚፈተንበት ሰው ነው።

ከዚያስ?

ደንከን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ዘፍኖ አያውቅም። በሩ በጥር 1955 ለማሪያን አንደርሰን፣ በዚያው ወር ለማክፈሪን ሲከፈት እሱ ሃምሳውን አልፏል። በዚያው ዓመት ነው «አንቼይንድ ሜሎዲ»ን ሲኒማ ላይ የዘፈነው። ዘፈኑ ለኦስካር ታጨ፣ ሌሎች ዘፋኞችም ወዲያው ወሰዱት፣ የመጀመሪያው አፍ ተረሳ። ማክፈሪንም የራሱ ዕጣ ነበረው፦ በ1949 «ሎስት ኢን ዘ ስታርስ» ላይ ከደንከን ጋር በአንድ መድረክ የነበረው ያ ባሪቶን፣ በ1959ኙ የ«ፖርጊ» ፊልም ሲድኒ ፖይቲየር አፉን ሲያንቀሳቅስ ድምጹን የሰጠው እሱ ነው። ልጁ ቦቢ ማክፈሪን ደግሞ በ1988 ያለ አንድም መሣሪያ፣ በድምጹ ብቻ፣ ዓለምን አትጨነቁ ያለው ሰው ነው።

«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ሜትሮፖሊታን ላይ የታየው በ1985 ነው፤ ከተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በኋላ። ደንከን ያኔ 82 ዓመቱ ነበር፣ በሕይወትም ነበር፣ ዋሽንግተን ቤቱ ውስጥ ድምጽ ያስተምር ነበር። እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜው አስተማረ። በየካቲት 1998 በ95 ዓመቱ እዚያው አረፈ። ዛሬ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ከተማ።

ልታዳምጡት ከፈለጋችሁ በቅደም ተከተል አዳምጡት፤ መጀመሪያ የ1935ቱን ልምምድ፣ ከዚያ የ1940ውን ዴካ ከጥንብ አንሳው ዘፈን ጋር፣ ከዚያ የ1949ኙን ኩማሎ፣ መጨረሻ ላይ የእስር ቤቱን «አንቼይንድ ሜሎዲ»። የትኛው ኦፔራ፣ የትኛው ሙዚቃዊ ቴአትር፣ የትኛው የፊልም ዘፈን እንደሆነ ሳታስቡ። የራይቸስ ብራዘርስን የምታውቁ ሰዎች መጨረሻው ላይ ያ ታዋቂ ከፍታ እስኪመጣ ትጠብቁ ይሆናል። ደንከን ጋ ያንን ጩኸት አትጠብቁ። የሚጠብቁት ሰው ያለው እስረኛ፣ ሌሎቹን ሳይቀሰቅስ ነው የሚዘፍነው።